ከመርከብ መሪነት እስከ ሕዝብ እንደራሴነት
የሮበርት ስሞልስ የሕይወት ታሪክ

የጦርነት ታሪክ ሲወሳ አብዛኛውን ጊዜ ስማቸው የሚነሣው ጄኔራሎችና አድሚራሎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪኩን ለአንባቢያን የምናቀርበው ሰው ግን የጦር ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ፣ ፊደል እንኳ ያልቆጠረ፣ በሕግ ፊት ከዕቃ ተቆጥሮ የሚሸጥና የሚለወጥ ባሪያ ነበር። ይህ ሰው በ23 ዓመቱ የጠላቱን የጦር መርከብ ከነመድፎችዋ ማርኮ ለሰሜን አሜሪካ የፌዴራል ጦር አስረከበ። ከዚያም በተወለደበት ግዛት የሕግ መምሪያና የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቶች፣ ቀጥሎም በአሜሪካ ኮንግረስ የሕዝብ እንደራሴ ሆኖ አገለገለ። ስሙ ሮበርት ስሞልስ ይባላል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሞልስ የተወለደው ኤፕሪል 5 ቀን 1839 በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ በምትገኘው የቢዩፎርት ከተማ ነው። እናቱ ሊዲያ ማኪ በሚባሉ ባለጸጋ ቤተሰብ ቤት የምታገለግል ባሪያ ነበረች። በዚያ ዘመን የአገሩ ሕግ ከባሪያ እናት የተወለደ ልጅ ሁሉ ባሪያ እንዲሆን ስለሚያዝ፣ ሕፃኑ ገና የመጀመሪያ ትንፋሹን ከመሳቡ የሌላ ሰው ንብረት ሆኖ ተመዘገበ። የተወለደውም ከጌቶቹ ቤት በስተጓሮ ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ ነው። አንባቢ ይህን ቤት ያስታውሰው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ልጁ 12 ዓመት ሲሞላው ጌታው ቻርልስተን ወደምትባለው ትልቅ የወደብ ከተማ ልኮ ለሥራ አከራየው። በሆቴል አስተናጋጅነት፣ በመንገድ መብራት አብሪነት፣ በወደብ ተሸካሚነት፣ በሸራ ሰፊነት ሠራ። የድካሙ ዋጋ ለጌታው ይላክ ነበር፤ ለእርሱ የሚተርፈው በሳምንት አንድ ዶላር ብቻ ነበር። ከጊዜ በኋላ ወደ መርከብ ሥራ ገብቶ የወደቡን ጥልቀትና ጥበት፣ የአሸዋውን ቁልልና የማዕበሉን ሰዓት እንደ መዳፉ ለይቶ አወቀ። ሥራው በእርግጥ የመርከብ አብራሪ ሥራ ነበር፤ ነገር ግን ይህ ማዕርግ ለጥቁር ሰው ስለማይሰጥ የሚጠራው መሪ ያዥ ተብሎ ብቻ ነበር።

በ1856 ሐና የምትባል፣ እንደ እርሱ ባሪያ ሆና በሆቴል ውስጥ የምትሠራ ሴት አገባ። ሴት ልጅም ወለዱ። ሚስቱና ልጁ ግን የሌላ ጌታ ንብረት ስለነበሩ ያ ሰው በፈለገበት ቀን ወደ ፈለገበት አገር ሊሸጣቸው ይችል ነበር። ስሞልስ ይህን በማሰብ የሁለቱን ዋጋ ጠየቀ። ዋጋቸው 800 ዶላር ሆነ። በሳምንት አንድ ዶላር ለሚያገኝ ሰው ይህ ገንዘብ ምን ያህል ዓመት እንደሚጠይቅ ማስላት አያዳግትም። ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነበት።

የግንቦቱ ሌሊት

ደቡብ ካሮላይና በዲሴምበር 1860 ከኅብረቱ መገንጠልዋን ያወጀች የመጀመሪያዋ ግዛት ነበረች። በኤፕሪል 1861 በቻርልስተን ወደብ አፍ ላይ ባለው የሰምተር ምሽግ ላይ መድፍ ሲተኮስ የእርስ በርሱ ጦርነት ተጀመረ። የሰሜኑ ባሕር ኃይል የጦር መርከቦቹን ከወደቡ አፍ ውጭ አሰልፎ ከተማዋን በባሕር ከበበ። ስሞልስ ይሠራባት የነበረችው ፕላንተር የምትባለው በእንፋሎት የምትንቀሳቀስ መርከብ ቀድሞ ጥጥ ታመላልስ የነበረች ስትሆን፣ ጦርነቱ ሲነሣ የተገንጣዮቹ ጦር ወታደርና ጥይት፣ ትእዛዝና መልእክት እንድታመላልስ ተከራያት።

ሜይ 12 ቀን 1862 ፕላንተር ሁለት የራስዋ መድፎች ተጠምደውባት እያለ፣ ከአንድ ደሴት ተነቅለው ወደ ሌላ ምሽግ የሚዛወሩ አራት መድፎች ከነጥይታቸው ተጫኑባት። በመሸ ጊዜ ካፒቴኑና ሁለት ረዳቶቹ ነጮች መኮንኖች መርከቢቱን ለጥቁሮቹ መርከበኞች ትተው በከተማ ለማደር ወረዱ። መኮንኖች ሌሊቱን ከመርከባቸው እንዳይለዩ የታዘዘ ቢሆንም ትእዛዙን አላከበሩም። ጥበቃን ማላላት የሚያስከትለውን ጥፋት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ስሞልስና ጓደኞቹ ግን ይህን ሌሊት አስቀድመው ሲያቅዱለት ቆይተው ነበር። በሜይ 13 ንጋት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ፣ የመርከቢቱን እሳት አንድደው ከማረፊያዋ ፈቀቅ አደረጉዋት። በሌላ የወደብ መድረክ ተደብቀው ይጠብቁ የነበሩትን ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ጫኑ። ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ በጠቅላላው 16 ነፍስ ነበሩ። ቢያዙ የሚጠብቃቸው ሞት መሆኑን ያውቁ ስለነበር፣ እጅ ከመስጠት መርከቢቱን አስጥመው አብረው ለመስጠም ተማምለው ነበር።

ስሞልስ የካፒቴኑን ኮትና ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ለብሶ፣ የካፒቴኑን አቋቋምና አረማመድ አስመስሎ በመሪው ክፍል ቆመ። መርከቢቱ በዘወትር ፍጥነትዋ ሳትቸኩል ሄደች። ከምሽግ ምሽግ ስታልፍ የሚሰጠውን የፉጨት ምልክት ሁሉ እርሱ አጣርቶ ያውቅ ነበርና ሳያዛንፍ ሰጠ። ከሁሉ የሚያስፈራው የሰምተር ምሽግ ነበር። ጎሕ ሊቀድ ሲል ከሥሩ ደረሱ። ምልክቱ ተሰጠ፤ ዘበኛውም ይለፉ አለ። ከመድፍ ክልል እንደወጡ የተገንጣዮቹን ሰንደቅ አውርደው ሐና ያመጣችውን ነጭ የአልጋ ልብስ ሰቀሉ። ኦንዋርድ የተባለችው የሰሜኑ የጦር መርከብ መድፎችዋን ደግና ልትተኩስ ስትል ነጩን ጨርቅ አይታ ተመለሰች።

በዚያ ንጋት የፌዴራሉ ጦር ያገኘው መርከብና መድፍ ብቻ አልነበረም። የጠላት ምሥጢራዊ የምልክት መጽሐፍ እጁ ገባ፤ ፈንጂ በባሕሩ ውስጥ የት የት እንደተጠመደ፣ የትኞቹ ምሽጎች እንደተለቀቁ ስሞልስ አስረዳ። በዚህም መረጃ መሠረት የሰሜኑ ጦር የተለቀቁትን የባሕር ዳር ሥፍራዎች ያለ ብዙ ደም መፋሰስ ያዘ። ኮንግረሱ በዚያው ወር ለማራኪዎቹ የመርከቢቱ ግምት እኩሌታ እንዲከፈል የወሰነ ሲሆን ለስሞልስ 1,500 ዶላር ደረሰው። ባልና ሚስቱን ለመለያየት ሥልጣን የነበረው ጌታ ግን ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ምንም የሚጠይቀው ዋጋ አልነበረውም።

በዚያው ዓመት በኦገስት ስሞልስ ወደ ዋሽንግተን ተልኮ ከጦር ሚኒስትሩ ስታንተን ጋር ተነጋገረ። ከዚያም በኋላ በደቡብ ካሮላይና ዳርቻ እስከ 5,000 የሚደርሱ ጥቁሮች በወታደርነት እንዲመለመሉ ተፈቀደ። እርሱ ራሱ ወደ ግንባር ተመልሶ በብዙ ውጊያዎች ተሰለፈ። በኤፕሪል 1863 በሰምተር ምሽግ ላይ በተደረገው ጥቃት ኪኦከክ የተባለችውን ብረት ለበስ መርከብ ሲመራ መርከቢቱ 90 ጊዜ ያህል ተመትታ በማግሥቱ ሰጠመች፤ እርሱ ግን ተረፈ። በዲሴምበር 1863 ደግሞ ፕላንተር በሁለት ወገን በተኩስ ተይዛ ሳለ ካፒቴንዋ በድንጋጤ ወደ ከሰል ማከማቻው ገብቶ ተደበቀ። ስሞልስ መሪውን ጨብጦ መርከቢቱን ከእሳት አወጣት። በዚህም ሥራው ካፒቴን ሆኖ ተሾመባት።

ይህ ጀግና በ1864 መርከቢቱ ለጥገና ፊላዴልፊያ ገብታ ሳለች በከተማው የሕዝብ ሠረገላ ላይ ቢሳፈር፣ ጥቁር ነህ ተብሎ ከመቀመጫው ተነሣ። ነገሩ በሕዝብ ዘንድ ከፍ ያለ ቁጣ አስነሥቶ፣ በ1867 በፔንሲልቫኒያ ግዛት በሠረገሎች ላይ ዘር መለየትን የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ ከረዱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በዚህ ጊዜ ነበር መምህር ቀጥሮ ማንበብና መጻፍ የተማረው።

ከሰይፍ ወደ ድምፅ

ጦርነቱ በ1865 አበቃ። ስሞልስ ወደ ቢዩፎርት ተመልሶ ግብር ሳይከፈልበት በመቅረቱ በመንግሥት ሐራጅ የተሸጠውንና እርሱ በዘመቻው መካከል የገዛውን ቤት ወረሰ። ይህ ቤት ከበስተጓሮው እርሱ የተወለደበት ቤት ነው። የቀድሞው ባለይዞታ ወገን ተከራክሮ ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ በ1878 ለስሞልስ ፈረደ። ቤተሰቡ ሲተርክ እንደኖረው፣ በእርጅናዋ አእምሮዋ የደከመ የቀድሞ እመቤቱ ወደ ቤቱ በመጣች ጊዜ አላባረራትም፤ በቀድሞው መኝታ ክፍልዋ አኖራት።

በ1867 ኮንግረሱ ባወጣው ሕግ የተሸነፉት የደቡብ ግዛቶች በአምስት ወታደራዊ አውራጃዎች ተከፍለው በጦር አዛዦች ሥር ይተዳደሩ ጀመር። ጦሩ ከተሰጡት ሥራዎች አንዱ ጥቁርና ነጭ ሳይለይ መራጮችን መመዝገብና የምርጫውን ጸጥታ መጠበቅ ነበር። በደቡብ ካሮላይና ከሕዝቡ የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። ስለዚህ በጃንዋሪ 1868 በቻርልስተን ለተከፈተው የሕገ መንግሥት ጉባኤ ከተመረጡት 124 ልዑካን ውስጥ 76ቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ ስሞልስም ከቢዩፎርት ተመርጦ ገባ። በዚያ ጉባኤ አጥብቆ የተሟገተለት ጉዳይ ትምህርት ነበር። ዘር ሳይለይ ለሕፃናት ሁሉ በነፃ የሚሰጥ የሕዝብ ትምህርት በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት እንዲገባ ከደከሙት አንዱ እርሱ ነው። ይህን የጠየቀው ፊደልን በ25 ዓመቱ ገደማ የቆጠረ ሰው መሆኑን ስናስብ የነገሩ ክብደት ይሰማናል።

በዚያው በ1868 ለግዛቲቱ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተመረጠ። በ1870 የቢዩፎርት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት ጆናታን ራይት ለግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛነት ሲመረጡ፣ በቦታቸው ለመተካት ተወዳድሮ አሸነፈ፤ በ1872ም በድጋሚ ተመረጠ። በዚህ ዘመን በግዛቲቱ ሚሊሺያ ውስጥ ከፍ እያለ ሄዶ እስከ ሜጀር ጄኔራልነት ደረሰ። በ1874 ለአሜሪካ ኮንግረስ ተወዳድሮ በከፍተኛ ድምፅ ተመረጠ፤ በማርች 1875 በዋሽንግተን መቀመጫውን ያዘ።

ከዚህ በኋላ ያለው የምርጫ ታሪኩ በየጊዜው የሚወጣና የሚወርድ ትግል ነው። በ1876 ተቃዋሚው የዴሞክራት እጩ ጆርጅ ቲልማን ነበር። በዚያ ዓመት ቀይ ሸሚዝ የለበሱ ፈረሰኞች ጠመንጃ ይዘው በየመንደሩ እየዞሩ መራጩን ያስፈራሩ ነበር፤ በጁላይ ወር ሐምበርግ በተባለችው ትንሽ ከተማ እጃቸውን የሰጡ ጥቁር ሚሊሺያዎች ተገደሉ። ስሞልስ ይህን ግድያ በኮንግረስ ፊት አጋልጦ፣ የፌዴራሉ ጦር ከግዛቲቱ እንዳይወጣ ጠየቀ። ምርጫውንም በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። በ1877 ግን ጦሩ የግዛቲቱን ምክር ቤት መጠበቅ ትቶ ወደ ሰፈሩ ተመለሰ፤ የግዛቲቱም ሥልጣን በተቃዋሚዎቹ እጅ ወደቀ።

አዲሶቹ ባለሥልጣኖች ወዲያው በስሞልስ ላይ ክስ መሠረቱ። ክሱ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሳለ ከመንግሥት የሕትመት ሥራ ውል ጋር በተያያዘ 5,000 ዶላር ጉቦ ተቀብሏል የሚል ነበር። ዋናው ምስክር ራሱ በዚያው ወንጀል ተካፋይ የነበረና እንዳይከሰስ ቃል ተገብቶለት የመሰከረ ሰው ነው። ቢሆንም ስሞልስ በኖቬምበር 1877 ጥፋተኛ ተብሎ የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ሦስት ቀን ታስሮ በይግባኝ ወጣ፤ በ1879 በፌዴራሉ መንግሥትና በግዛቲቱ መካከል በተደረገ ስምምነት፣ በምርጫ ወንጀል የተከሰሱ ዴሞክራቶች ክሳቸው ሲነሣላቸው ለእርሱም ምሕረት ተደረገ። እርሱ እስከ ዕለተ ሞቱ ንጹሕ ነኝ እንዳለ ኖረ። የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የሚካድ ባይሆን፣ በዚያ ዘመን በግዛቲቱ የገንዘብ አስተዳደር ውስጥ በእርግጥ ብዙ ብክነትና ጉቦ ነበር፤ ዳኝነቱ ግን በጠላቶቹ እጅ ነበር።

ክሱ ያሰበውን ሠራ። በ1878 ስሞልስ በቲልማን ክፉኛ ተሸነፈ። በ1880 ሁለቱ እንደገና ተወዳደሩ፤ ይፋ የሆነው ቆጠራ ቲልማንን አሸናፊ አደረገ። ስሞልስ ግን ማስፈራራትና ማጭበርበር ተፈጽሟል ሲል ለኮንግረሱ አቤቱታ አቀረበ። ማስረጃው ሲመረመር ቆይቶ በጁላይ 1882፣ የሁለት ዓመቱ የሥራ ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ቲልማን ተነሥቶ ስሞልስ ተቀመጠ።

በዚያው ዓመት የግዛቲቱ መንግሥት ሁለት ነገሮችን አደረገ። አንደኛ፣ የምርጫ ክልሎችን እንደገና አካልሎ ብዙዎቹን ጥቁር መራጮች በአንድ ሰባተኛ ክልል አጉሮ ሌሎቹን ስድስት ክልሎች ለራሱ አደላደለ። ሁለተኛ፣ ስምንት የምርጫ ሣጥኖች እንዲቀመጡ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ለእያንዳንዱ ሹመት የተለየ ሣጥን ሆኖ፣ ወረቀቱ በማይገባው ሣጥን ከተጣለ ድምፁ ይሰረዛል። በሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማይችል ሰው የሣጥኖቹን ተራ አጥንቶ እንዳይገባ ደግሞ አስመራጮቹ ቦታቸውን ይለዋውጡ ነበር። ስሞልስ በ1868 ለትምህርት የተሟገተበት ምክንያት በዚህ ጊዜ ግልጽ ሆኖ ታየ።

በ1882 በሰባተኛው ክልል የፓርቲውን እጩነት ለኤድመንድ ማኪ ለቀቀ። ማኪ በጃንዋሪ 1884 ሲሞት ስሞልስ በምትኩ ተመርጦ ወደ ኮንግረስ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበርም ዊልያም ኤሊየት የተባለውን ተወዳዳሪ አሸነፈ። በ1886 ግን ኤሊየት አሸነፈ ተባለ። ስሞልስ እንደ ቀድሞው አቤት ቢልም በ1889 አቤቱታው ውድቅ ሆነ። በኮንግረስ የነበረው አገልግሎት በማርች 1887 አበቃ።

የመጨረሻው ውጊያ

በ1895 በግዛቲቱ ዋና ከተማ በኮሎምቢያ አዲስ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ተጠራ። መሪው የጆርጅ ወንድም ቤንጃሚን ቲልማን ሲሆን፣ ዓላማው የጥቁሩን የመምረጥ መብት በሕግ መግፈፍ መሆኑን አልደበቀም። ከ160 ልዑካን ውስጥ ጥቁሮቹ ስድስት ብቻ ነበሩ። ከ27 ዓመት በፊት 76 የነበሩበትን ጉባኤ ያየ ሰው በዚህኛው ገብቶ ሲቀመጥ ምን እንደተሰማው መገመት ይቻላል። ስሞልስ በ56 ዓመቱ ቆሞ ተከራከረ። የድሮው የጉቦ ክስ ፊቱ ላይ ሲወረወርበት መለሰ። ነጭና ጥቁር እንዳይጋቡ የሚከለክል አንቀጽ በቀረበ ጊዜ፣ እንግዲያውስ ጥቁር ሴት በቁባትነት የሚይዝ ነጭም ሹመት አይያዝ የሚል ማሻሻያ አቅርቦ ጉባኤውን አሳፈረ።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ አልረዳውም። አዲሱ ሕገ መንግሥት መራጭ የነፍስ ወከፍ ግብር የከፈለበትን ደረሰኝ እንዲያሳይ፣ ማንበብና መጻፍ እንዲችል ወይም 300 ዶላር የሚገመት ንብረት እንዲኖረው አዘዘ። ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሲነበብለት ሕገ መንግሥቱን ተረዳ የተባለ ማንኛውም ሰው ይመዘገብ ነበር፤ ተረድቷል አልተረዳም የሚሉት ግን ነጮቹ መዝጋቢዎች ናቸው። ሕጉ ለሕዝብ ውሳኔ ሳይቀርብ ጸደቀ። ስሞልስ አልፈርምም አለ፤ ያልፈረመ አበል አይከፈለው የሚል ሐሳብ ሲነሣም ከመፈረም ይልቅ ቤቱ ድረስ በእግሩ መሄድን እንደሚመርጥ አስታወቀ።

የቀረው ዘመኑ በቢዩፎርት ወደብ የጉምሩክ ሹምነት አለፈ። ከ1889 እስከ 1893፣ ከ1898 እስከ 1913 በዚህ ሥራ ላይ ቆይቶ በፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘመን ተሻረ። በፌብሩዋሪ 1915 በ75 ዓመቱ፣ ባሪያ ሆኖ በተወለደበት ግቢ፣ ጌታው በነበረበት ቤት ውስጥ ሞተ።

ከእርሱና በዘመኑ ከነበሩት ባልንጀሮቹ በኋላ ደቡብ ካሮላይና ጥቁር እንደራሴ ወደ ኮንግረስ የላከችው በ1992 ምርጫ ነው፤ በመካከሉ የሰው ዕድሜ የሚያህል ጊዜ አለፈ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በ2007 ለአገልግሎት ባበቃት የማጓጓዣ መርከብ ላይ ስሙን አሳረፈ። በ2023 ደግሞ ባሕር ኃይሉ፣ ተገንጣዮቹ ባሸነፉበት ውጊያ ትጠራ የነበረች አንዲት የጦር መርከብ ሮበርት ስሞልስ ተብላ እንድትጠራ አደረገ።

ለወታደር አንባቢ የፕላንተር ሌሊት ትምህርት ግልጽ ነው፤ እቅድ፣ ምሥጢር ጥበቃና እርጋታ ካሉ ስምንት ሰዎች የጠላትን ምሽግ በፊቱ አልፈው ይሄዳሉ። ከዚያ ሌሊት ይልቅ ከባድ የነበረው ግን የተከተለው 30 ዓመት ነው። መርከቢቱን ለመማረክ ጥቂት ሰዓት በቃው። ያገኘውን ድምፅ ለመጠበቅ ግን ደጋግሞ ወደ ምርጫ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ አቤት አለ፤ አንድ ጊዜ ታሰረ፤ በመጨረሻም ተነጠቀ። ያም ሆኖ ነጠቃውን በፊርማው አላጸደቀም።